በአራት ቤት የተለካው አይብ

ሚዛን የያዙት ሰዎች ነገ ይመጣሉ በተባለ ጊዜ ገነቴ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ አይብ ነበር።

እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ እናቶችን ፊደል የሚያስቆጥሩት መምህር ማቴዎስ ነገሩን በሚገባ አስረድተው ነበር። «ከሆሳዕና ከተማ የሚመጡት ሰዎች በአሥር ቤት እየገቡ ምሳችሁን ይመዝናሉ። ከየምግቡም ቆንጥረው በብልቃጥ ይወስዳሉ። ፕሮቲን የሚባል፣ የልጅን ሥጋ የሚገነባ ነገር አለ፤ እሱ በምግባችሁ ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ በመሣሪያ ይለኩታል። እባካችሁ፣ ዘወትር የምትበሉትን ብቻ አቅርቡ» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ «እሺ» አሉ። እሺ ብለው ወጡና በዚያው እግራቸው ማባያ ልመና ተበተኑ።

ምን ያድርጉ? ከመንግሥት የተላከ እንግዳ ቤት ገብቶ ደረቅ ቆጮ ሲመዝን ዝም ብሎ ይታያል? በዳምቦያ ዙሪያ እንግዳ ያለ ማባያ የበላበት ቤት ወሬው ከእንግዳው ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። የገነቴ ላም ከነጠፈች ደግሞ ሦስተኛ ወሯ ነበር። ስለዚህ ነጠላዋን አጣፍታ የባለሱቁ የዳኘ ሚስት ዘንድ፣ እትዬ ታንጉት ዘንድ ሄደች። ታንጉት አራት የሚታለቡ ላሞች ነበሯት። አይቧ ደረቅ ያለ፣ በኮረሪማና በኮሰረት የታሸ፣ ሰው ስሙን የሚያነሳው አይብ ነው።

«አንቺም?» አለች ታንጉት እየሳቀች። «አስናቀች መጣች፣ ተናኜ መጣች፣ አሁን አንቺ። ጣባው አንድ ነው። ከእኔ ቤት ይጀምሩና በጓሮ ለአንቺ ይድረስሽ፤ አንቺ ለተናኜ፣ ተናኜ ለአስናቀች። ብቻ ጣቷን የምታስገባበት ትኖርና ወዮላት!»

እንደተባለውም ሆነ። ወልደኪዳን የሚባል፣ ነጭ ጋዎን የለበሰ ቀጭን ወጣት ሚዛኑን በገነቴ መደብ ላይ አስቀመጠ። ቆጮውን መዘነ፣ አይቡን መዘነ፣ ከእያንዳንዱ ወደ ብልቃጥ ከትቶ ቁጥር ለጠፈበት። ሰባት። ገነቴ ቁጥር ካወቀች ገና ወሯ ነው፤ ሰባትን ስታይ እንደ ዘመድ ደስ አላት።

«ይህን በየቀኑ ትበላላችሁ?» ሲል ጠየቃት።

«ተመስገን ነው» አለች።

የሦስት ዓመት ልጇ ዓለሚቱ ምሰሶውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። እግሯ አብጧል፣ ፀጉሯ ሳስቶ ዳማ መስሏል፤ አይቡን አይታ እንኳ እጇን አልዘረጋችም። ይህ ነበር ገነቴን ከምንም በላይ የሚያስፈራት፤ ልጅ ምግብ አይቶ አለማልቀሱ። ሰዎቹ እንደወጡ በጣቷ ጫፍ ትንሽ አቀመሰቻትና ጣባውን በጓሮ ለተናኜ አሳለፈች።

ገነቴን ሁሉም የሚያውቃት በፍርሃቷ ነው። ደመና ሲከብድ ትፈራለች፣ ውሻ ሲጮህ ትፈራለች፣ መምህሩ «አንብቢ» ሲሏት ላብ ያጠምቃታል። ባሏ ኤሊያስ «የአንቺ ልብ የተሠራው ከቡላ ነው፤ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል» እያለ ይቀልድባታል። ቢሆንም በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ፣ ዓለሚቱን አዝላ በጭነት መኪና ላይ ተሰቅላ ሆሳዕና ድረስ መሄድ ጀምራለች። እዚያ ክሊኒኩ ላበጡ ልጆች የዱቄት ወተት በቆርቆሮ ይሰጣል። ሁለት ቆርቆሮ ካለቀ በኋላ የዓለሚቱ እግር ትንሽ ጎደል ብሎ ነበር። አንድ ቀን ጠዋትም ልጅቱ ዶሮ ስትሮጥ አይታ ሳቀች። ገነቴ ያን ሳቅ ለማንም አልነገረችም፤ ዓይን ይበላዋል ብላ ፈርታ።

መመላለስ ከጀመረች በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ክሊኒኩ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። ከላይ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት» ይላል፤ እሱን ከማኅተሙ ለየችው። ከታች የቦታ ስሞች ተደርድረዋል። ጣቷን እያስከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንድ በአንድ ወረደች። ሙዱላ፣ ጉድለት። ዳምቦያ፣ በቂ።

«በቂ ማለት ምንድን ነው?» አለችው ወተት የሚያድለውን የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩን።

«ጥሩ ነገር ነው እህቴ፤ ደስ ይበልሽ! ጥናት ተደርጎ የእናንተ አገር ሰው ፕሮቲን በደንብ እንደሚበላ ተረጋገጠ። ወተቱ ከዛሬ ጀምሮ ለሌላ አገር ነው።»

«ልጄስ? እግሯን እዩት እንጂ።»

«ትል ይሆናል። የትል መድኃኒት እሰጥሻለሁ። ዝርዝሩ ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ እኔም ብሆን አንዲት ማንኪያ አልጨምርም።»

ገነቴ ከሰልፉ ወጣች። ዓይኗ እንደገና ያቺን ቃል ፈለጋት፤ በቂ። ሁለት ፊደል። ያቺን ቃል ማን እንዳጻፋት ታውቃለች። «ተመስገን ነው» ብላ ያጻፈችው ራሷ ናት።

ቤቷ ተመልሳ ብታለቅስ ማንም አይፈርድባትም ነበር። ግን ልጅቱ ጀርባዋ ላይ ቀለል አለቻት፤ ጤነኛ ልጅ እንደዚያ አይቀልም። «ኤሊያስ ምን ይለኛል፣ ታንጉት ምን ትለኛለች» እያለች ክሊኒኩን ዞረች። ከበስተኋላ ያለው፣ ብልቃጦቹ የሚለኩበት የኪራይ ክፍል መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል፤ የሚሰነፍጥ ጭስ ይወጣበታል። ወልደኪዳን በአንድ ዓይኑ ቀጭን የመስታወት ቱቦ እያየ ቆሞ ነበር። ከቱቦው ጫፍ ጠብታ ወደ አረንጓዴ ውሃ ትወርዳለች። አንድ። ቆየት ብሎ አንድ።

«እዚህ አይገባም!» አለ ዞር ሳይል። «እጄን እንዳታንቀሳቅሺው።»

ቆመች። ሌላ ጠብታ ወደቀችና አረንጓዴው ውሃ ድንገት ሐምራዊ ሆነ። ወልደኪዳን ቁጥሩን ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቀና አለ።

«የዳምቦያዋ አይደለሽም? ቁጥር ሰባት?»

«ነኝ ጌታዬ። ቁጥር ሰባት ውሸት ነው ልልዎት ነው የመጣሁት።»

ሳቀ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ በሥራው የሚኮራ ልጅ ነበር እንጂ። «ነይ ላሳይሽ» አለና ወደ ጠረጴዛው ጠራት። «ምግብሽን እንዳለ እመዝነዋለሁ፤ የስንዴ ቅንጣት ያህል ሳይጎድል። በኃይለኛ አሲድ ውሃ እስኪመስል ድረስ እቀቅለዋለሁ። ፕሮቲን ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሟሙቶ ይቀራል፤ በእንፋሎት አወጣዋለሁ፤ በዚህች ቱቦ ጠብታ በጠብታ እለካዋለሁ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ! በዚያ ላይ ይሄን አየሽው? በዚህ ብልቃጥ ምንም ምግብ የለም። ባዶውንም እለካለሁ፤ መድኃኒቶቹ ከራሳቸው የጨመሩት ካለ እንዲቀነስ። መስታወት አይዋሽም እህቴ።»

«መስታወቱ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አይቡ የእኔ አልነበረም። የእትዬ ታንጉት ነው።»

የወልደኪዳን ፊት ተለወጠ። «በየቀኑ ትበላላችሁ ወይ ብዬ ጠይቄሽ የለም? የመንግሥት ሥራ መቀለጃ ነው?»

«እንግዳ ነበሩ!» ድምፅዋ ከልቧ በላይ ወጣ፤ ራሷም ደነገጠች። «እርስዎ እናትዎ ቤት እንግዳ ሲመጣ ባዶ ገበታ ይቀርባል?»

«ግብዣ ማን ጠየቀሽ? ምግባችሁን ነው ያልኩት!»

«እሱን ነው ያልገባን። አሁን ገብቶኛል። ባዶውን ብልቃጥ የሚለኩ ሰው የእኛንም ባዶ ይለኩ።»

ወልደኪዳን መዝገቡን ገለጠ፤ ሊያሳፍራት ፈልጎ። «እሺ፣ የአንቺ ብቻ ውሸት ይሁን። ሌሎቹስ? ሦስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፤ የአራት ቤት አይብ ነው፤ ከመቶ እጁ ስንቱ ፕሮቲን እንደሆነ። ተመልከች! አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት። አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት። አሥራ ሰባት ነጥብ ሦስት። አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት። አለቃዬ እንኳ "እጅህ ይባረክ" ያለኝ በዚህ ነው። ከዚህ የተስማማ ልኬት የት ታገኛለሽ?»

ገነቴ ቁጥሮቹን አየቻቸው። ነጥቡን አታውቅም፤ አሥራ ሰባትን ግን ታውቃለች። አራት ጊዜ አሥራ ሰባት። ከዚያ ያላሰበችው ነገር ሆነ፤ ሳቋ መጣ።

«ጌታዬ፣ አይብ አውጥተው ያውቃሉ?»

«እኔ?»

«አራት ሴት አይብ ብታወጣ አራት አይብ ነው የሚወጣው። የእኔ ውሃ ይበዛበታል፤ ቶሎ ከእሳት አወርደዋለሁ፣ ያርብኛል ብዬ ስለምፈራ። ተናኜ ቅቤውን ከአሬራው በደንብ አትለይም። አስናቀች ጨው ታበዛለች፤ ባሏ ይመስክር። እንኳን አራት ሴት፣ አንዷም ብትሆን የዛሬውና የነገው አይቧ አንድ አይሆንም። የእርስዎ መስታወት ግን አራቱን አንድ አደረጋቸው። አንድ ስለሆነ ነው! አንድ ጣባ ነው በጓሮ የዞረው።»

ወልደኪዳን ጎንበስ አለ። መዝገቡን ወደ ራሱ አዞረ። ጣቱ ከሦስት ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ ስምንት ሄደ። ጆሮው ቀላ። ያ ሲኮራበት የሰነበተው መስማማት ምን እንደነበር ከአንዲት ገና ፊደል ከምትቆጥር ሴት ተማረ፤ ለእንደሱ ያለ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

«ሌላውስ ቤት?» አለ በመጨረሻ፣ ዝግ ብሎ።

«ሌላው ቤት ቅቤና ሥጋ ነው የተዋሰው። እኔ ግን ስለማውቀው አራት ብቻ እናገራለሁ።»

«አለቃዬ ሐኪሙ ፈርሞበታል። በአንቺ ቃል ብቻ አያነሳውም። አራታችሁም መጥታችሁ መስክሩ። ዓርብ ጠዋት፤ አውቶቡሱ ሳይነሳ።»

ረቡዕ ጠዋት ሴቶቹ በታንጉት ጓሮ በደቦ እንሰት ይፍቁ ነበር። ገነቴ ዓለሚቱን በኮባ ቅጠል ላይ አስቀመጠች። መፋቂያ አልያዘችም። እንዲሁ ቆማ፣ ሁሉ እየሰማ ተናገረች፤ ወተቱ መቅረቱን፣ ለምን እንደቀረ፣ ዓርብ ምን መደረግ እንዳለበት።

የእንሰት መፋቂያው ድምፅ ቆመ።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለች ታንጉት። «ገመናሽን ሸፈንኩልሽ፣ አንቺ ሄደሽ መንግሥት ፊት ገለጥሽው? እኛ ተርበናል ብለን ሆሳዕና ድረስ ሄደን እንለፍፍ? የዳኘ ሚስት አይብ ለማኝ መሰለችሽ?»

«አንቺ አልተራብሽም እትዬ። የእኔ ልጅ ናት የተራበችው።»

«ድሮስ ፈሪ ሰው ሲደፍር መጠን የለውም!»

«ፈሪ ነኝ» አለች ገነቴ። ዓለሚቱን ከቅጠሉ ላይ አንስታ ታቀፈቻት። «ዛሬም እፈራለሁ። አንቺን እፈራለሁ፣ ኤሊያስን እፈራለሁ፣ ያንን አሲድ እፈራለሁ። ከሁሉ የምፈራው ግን ይህችን ልጅ መቅበር ነው። እናንተ ስማችሁን ጠብቁ። እኔ እሷን እጠብቃለሁ። ብቻዬንም ብሆን ዓርብ እሄዳለሁ።»

አስናቀች መፋቂያዋን መሬት ላይ ተከለችው። «የእኔም ሁለተኛው ልጅ ፊቱ መንፋት ጀምሯል» አለች፣ ማንንም ሳታይ። ተናኜ ተነስታ እጇን መታጠብ ጀመረች፣ ዓርብ ዛሬ የሆነ ይመስል።

ታንጉት ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ገነቴ ሄዳ በአጠገቧ ቆመች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። በመዝገቡ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት እየተባለ የአራት ሴት አይብ ተብሎ ነው የተጻፈው። አንዱ በእኔ ስም፣ አንዱ በተናኜ ስም፣ አንዱ በጨዋማዋ በአስናቀች ስም። ሐኪሙም ከዚህ የተስማማ አይብ አላየሁም ብሎ አመስግኗል።»

«በአስናቀች ስም?» ታንጉት ዞረች።

«በአስናቀች ስም።»

ዓርብ ጠዋት በሆሳዕና መናኸሪያ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። የጥናቱ አለቃ የሆነው ሐኪም ፖስታውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ወልደኪዳን ከጎኑ አንገቱን ደፍቷል። ገነቴ፣ አስናቀችና ተናኜ ተራ በተራ ተናገሩ። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ።

«ሦስት ናችሁ። ወልደኪዳን አራት ብሎኝ ነበር። የአይቡ ባለቤት ካልመሰከረች ይህ የሰፈር ጠብ ሊሆን ይችላል።» ፖስታውን ለረዳቱ ሊያቀብል እጁን ዘረጋ።

«አይሰጡም!» አለች ገነቴ። በሐኪሙና በረዳቱ መካከል ገብታ ቆመች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ተሸካሚዎቹ ሳቁ። «እኔን ይግፉኝና ይስጡ። ከነልጄ ይግፉኝ።»

«ሴትዮ፣ ዞር በይ!» አለ ረዳቱ።

«ደግሞ እሷን የሚገፋ ማነው?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ታንጉት ነበረች፤ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ በጭነት መኪና አቧራ ነጭታ። በቀጥታ ሐኪሙ ፊት ቆመች። «ያ አይብ የእኔ ነው! አራቱም ብልቃጥ! ኮረሪማውን እኔ ነኝ የወቀጥኩት። ይሄ ልጅ አሥራ ሰባት ምናምን ብሎ ለሌላ ሰው የጻፈው የእኔ ሙያ ነው፤ ይፋቅና በስሜ ይጻፍልኝ! እነዚህ ሦስቱ ደረቅ ቆጮ ነው የሚበሉት። ይኸው፣ ተናገርኩ። አፈርኩ? አላፈርኩም። የሚያፍረው ሰው ቤት ገብቶ ጣባ የማይለይ ነው!»

ሐኪሙ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። ከዚያ ፖስታውን በኪሱ ከተተ። «እንደገና ይለካ» አለ ለወልደኪዳን። «አሥሩም ቤት። ቀን ሳይነገራቸው። ውጤቱ እስኪወጣ ግን ዝርዝሩ እንዳለ ነው፤ ወተት የለም።» አውቶቡሱ ያለ ፖስታው ሄደ።

ወልደኪዳን የመጣው በአሥረኛው ቀን፣ ገነቴ ገበታውን ልታቀርብ ስትል ነው። የመኪናው ድምፅ ሲሰማ ኤሊያስ ከመደቡ ብድግ አለ። «ቢያንስ ከዳኘ ቤት ቅቤ ላምጣ፤ በጓሮ እወጣለሁ» አለ በሹክሹክታ።

«ቁጭ በል» አለችው። በስምንት ዓመት ትዳር እንዲህ ብላው አታውቅም። ቁጭ አለ።

ገበታው ላይ ቆጮና የተቀቀለ ጎመን ብቻ ነበር። የገነቴ ፊት ነደደ። ነጠላዋን አውልቃ ልትከድነው እጇ ሄደ፤ ግን መለሰችው። «ይግቡ» አለች። «ምሳችን ይህ ነው። ትናንትም ይህ ነበር። ነገም ይህ ነው። ይለኩት።»

ወልደኪዳን ቆጮውን መዘነ፤ ጎመኑን መዘነ። የዓለሚቱን ድርሻ ለብቻው መዘነ። በደንቡ የተወሰነው ቁንጣሪ የድርሻዋ ግማሽ ስለነበር፣ ወደ ብልቃጥ ሲከተው እጁ ትንሽ ዘገየ፤ በልጅቱ ገበታ ላይ የቀረው ሁለት ጉርሻ አይሆንም ነበርና።

«ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይወጣል» አለ።

«ሁለት ሳምንት ለብልቃጥ ምንም አይደለም።» ገነቴ ከበሩ ፊት ቆማ ነበር፤ እሱ የሚወጣበት ሌላ በር የለም። «ድርሻዋን ወስደዋል፤ ወተቷን ያምጡ።»

«እህቴ፣ የሐኪሙ ትእዛዝ አለ።»

«ትእዛዙን ሰምቻለሁ። እርስዎ ሚዛኑን አንብበዋል፤ እኔም አንብቤዋለሁ። በምን ያህል እንደሚጎድል ገና አናውቅም። እንደሚጎድል ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ወይ ወተቱን ያምጡ፣ ወይ የወሰዱትን ይመልሱላት።»

ወልደኪዳን ሚዛኑን አየ። ብልቃጡን አየ። ከዚያ «አሳልፊኝ» አለ፤ አሳለፈችው። ወደ መኪናው ሄዶ፣ ወደ ሙዱላ ለማድረስ ከጫነው ወተት አንድ ቆርቆሮ ከፍቶ ይዞ ተመለሰ። «አንድ ጎድሎ ተገኘ ብዬ እኔ እጠየቅበታለሁ» አለ። «ለአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ። ተቆልሎ አይደለም፣ ተስተካክሎ። ቢበዛም ቢያንስም ልጅ ይጎዳል።»

ገነቴ ማንኪያውን ወደ ዱቄቱ አገባች፤ በቢላዋ ጠርዝ ከላይ ላጨችው። ወደ ዓይኗ ልክ ከፍ አድርጋ አየችው፤ እሱ ያንን ቱቦ ሲያይ እንዳየችው። ትክክል አልመሰላትም። መልሳ አፈሰሰችውና እንደገና ሰፈረች።